ማን ላከው?

በዋሽንግተን ዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ለምትገኙ የኢትዮጵያውያን ማኅበራት፣ የእድሮች፣ የሰበካ ጉባኤያትና የመስጊድ ኮሚቴዎች አመራሮች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፈው የሠራሁት አንድ ስሕተት እንቅልፍ ስለነሳኝ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ፣ በቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ጠበል ጻድቅ እየተቀመሰ ሳለ አንድ ወጣት ታብሌት ይዞ ገባ። ጨዋና አንደበተ ርቱዕ ነበር። ስለ መብራት ሒሳብ እንደመጣ ነገረን። አዲስ ደንብ ሊወጣ ነው፤ ከወጣ የየቤቱ ሒሳብ ይንራል፤ የምትቃወሙ ፈርሙ አለ። እንግሊዝኛ የሚከብዳቸው አዛውንቶች ብዙ ስለነበሩ አስተርጉምልኝ ሲለኝ ደስ እያለኝ ተነሣሁ። ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ይዤው ዞርኩ። የመጀመሪያውን ፊርማ ያኖርኩትም እኔው ነኝ።

አንዲት እናት ግን ብዕሩን ከመቀበላቸው በፊት ልጁን ደኅና አድርገው አዩትና፣ "ልጄ፣ ማን ነው የላከው?" አሉኝ። ጠየቅኩት። የአንድ የነዋሪዎች ኅብረት ስም ጠራ። ነገርኳቸው። "እነሱንስ ማን ላካቸው?" አሉ። ይህን ጊዜ ልጁን አልጠየቅኩትም። "እማማ፣ ለእኛው ጥቅም እኮ ነው" አልኳቸው። ፈረሙ። ወረቀቱን አምነው አይደለም፤ እኔን አምነው ነው።

ኅብረቱ ማን እንደሆነ ያጣራሁት ብዙ ቆይቼ ነው። ቢሮ የለውም፤ ስሙ እንጂ አባል የለውም፤ ተሰብስቦም አያውቅም። ገንዘቡ የሚመጣው ከጋዝ ንግድ ነበር። እኛ ስለ መብራት ሒሳብ መስሎን የተቃወምነው ደንብ ማመንጫዎች ወደ አየር የሚለቁትን ጭስ የሚቆጣጠር ነበር። የእኚያ እናት የልጅ ልጅ አስም አለበት፤ መድኃኒቱን በኪሳቸው ይዘውለት እንደሚዞሩ ከእኛ መካከል የማያውቅ የለም።

ከዚያ ወዲህ ያገኘሁትን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። ባነበብኩ ቁጥር በእኛ አዳራሽ የሆነው ነገር ቅንጣት እንደነበር ገባኝ።

የኒው ኦርሊንስን ታሪክ ልንገራችሁ። (ዓመተ ምሕረቱን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።) ኢንተርጂ የተባለው የመብራት ኩባንያ በከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል በተፈጥሮ ጋዝ የሚሠራ፣ 128 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ፣ 210 ሚሊዮን ዶላር የሚፈጅ ማመንጫ ልትከል ብሎ ፈቃድ ጠየቀ። ሰፈሩ በአብዛኛው ጥቁር አሜሪካውያንና ከቬትናም የመጡ ስደተኞች የሚኖሩበት ነው። ነዋሪዎቹ ጭሱን ፈሩ፤ ጎርፍ የለመደው መሬታቸው ይባስ ይሰምጥብናል ብለው ፈሩ፤ ወጪው ዞሮ ዞሮ በእኛው ሒሳብ ላይ ይወድቃል አሉ። ኩባንያው በበኩሉ ማዕበል መስመር ሲበጥስ ከተማዋን የሚታደጋት ይህ ማመንጫ ነው አለ። እስከዚህ ድረስ ነውር የለበትም። ሁለት ወገን አለ፤ ሁለቱም የሚለው አለው፤ ምክር ቤቱ ሰምቶ ይወስናል።

በኦክቶበር 2017 ምክር ቤቱ ሕዝብ አስተያየት የሚሰጥበት ስብሰባ ጠራ። አዳራሹ በጊዜ ብርቱካናማ ቲሸርት በለበሱ የማመንጫው ደጋፊዎች ሞላ። የሰፈሩ ሰዎች ሲደርሱ ቦታ የለም ተባሉ፤ ብዙዎቹ ውጪ ቀሩ። ብርቱካናማ የለበሱት ውስጥ ሆነው አጨበጨቡ። አንዳንዶቹ ማይክሮፎን ፊት ቆመው ማመንጫው ለከተማችን ያስፈልጋታል አሉ። በፌብሩዋሪ 2018 ስብሰባም ተመልሰው መጡ። በማርች ምክር ቤቱ ማመንጫውን 6 ለ 1 በሆነ ድምፅ አጸደቀ።

በሜይ ዘ ሌንስ የተባለ የዚያው ከተማ የዜና ተቋም ነገሩን አወጣው። ከቲሸርት ለባሾቹ መካከል ተዋንያን ነበሩ። ተቀምጦ ለማጨብጨብ 60 ዶላር፣ ተነሥቶ ለመናገር 200 ዶላር ተከፍሏቸዋል። የሚናገሩት ተጽፎ ተሰጥቷቸዋል። ስለ ክፍያው ለማንም ትንፍሽ እንዳይሉም ፈርመዋል። ኢንተርጂ የቀጠረው ሆውቶርን ግሩፕ የተባለ የሕዝብ ግንኙነት ድርጅት ነበር። ሆውቶርን ደግሞ ክራውድስ ኦን ዲማንድ የሚባል፣ እንጀራው ሰው ማከራየት የሆነ ሌላ ድርጅት ቀጠረ። ኩባንያው ስለ ተዋንያኑ አላውቅም ነበር አለ። ምክር ቤቱ ያስደረገው ምርመራ ግን በዚያው ዓመት ኦክቶበር ላይ፣ ኢንተርጂ ያውቅ ነበር፣ ካላወቀም ማወቅ ይገባው ነበር ሲል ደመደመ። 5 ሚሊዮን ዶላር ቅጣትም ተጣለበት።

ማመንጫው ግን ተሠራ፤ በ2020 ሥራ ጀመረ። በ210 ሚሊዮን አጠገብ 5 ሚሊዮን ምን ያህል እንደሚከብድ እናንተው መዝኑት። በኦገስት 29 ቀን 2021 አይዳ የተባለው ማዕበል ሲመታ ወደ ከተማዋ የሚገቡት 8ቱም ከፍተኛ መስመሮች ወደቁ። በጨለማ ጊዜ ይደርስላችኋል የተባለው ማመንጫ እያለ፣ የመጀመሪያዎቹ ሰፈሮች መብራት ያገኙት ሴፕቴምበር 1 ቀን ነው።

በእነዚያ ተዋንያን ላይ ልፈርድ አልፈልግም። 60 ዶላር ለብዙዎቻችን የግማሽ ቀን ጉልበት ናት፤ ነገሩን ለጋዜጠኛው የነገሩትም ከእነሱው መካከል የነበሩ ናቸው። አገር ቤት አልቃሽ ይጠራል። ሙሾ ታወርዳለች፣ ለቀስተኛውን ታስለቅሳለች፣ የድካሟን ትቀበላለች። ይህን የማያውቅ ለቀስተኛ የለም፣ ሐዘኑንም አያረክሰውም። አልቃሿ ግን የሟች እኅት ነኝ ብላ ከወራሾች ጋር አትቆጠርም። በኒው ኦርሊንስ የሆነው ይህ ነው፦ ለለቅሶ የተከራዩ ሰዎች በወራሽ ወንበር ተቀመጡ፣ ወራሾቹ ከደጅ ቆሙ።

አሁን ወደራሳችን ደጅ ልምጣ። በ2009 የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት ዋክስማንና ማርኪ የተባሉ ሁለት እንደራሴዎች ባቀረቡት የአየር ንብረት ሕግ ላይ እየተከራከረ ነበር። የድንጋይ ከሰልና የመብራት ኩባንያዎች ያቋቋሙት ኅብረት ሕጉን ለማስቆም ከሚሠሩት አንዱ ነበር። በዚያን ጊዜ የቨርጂኒያ እንደራሴ ለነበሩት ለቶም ፔሪዬሎ ቢሮ ደብዳቤዎች ደረሱ። አንዱ ክሬሲየንዶ ሁንቶስ ከተባለ፣ በሻርለትስቪል የሂስፓኒክ ማኅበረሰብን ጉዳይ ከሚከታተል ማኅበር የተላከ ይመስል ነበር። የማኅበሩ አርማ አለበት። እንደራሴው ድምፃቸውን ተጠቅመው አናሳ ማኅበረሰቦችን ከመብራት ሒሳብ ንረት እንዲጠብቁ ይለምናል። ከሥሩ ስምና ፊርማ አለ።

በዚያ ስም የሚጠራ ሰው ማኅበሩ ውስጥ ኖሮ አያውቅም። ደብዳቤውን ማኅበሩ አልጻፈውም። በዚያው ከተማ ባለው የአንጋፋው የጥቁር አሜሪካውያን መብት ማኅበር ቅርንጫፍ ስምም ተመሳሳይ ደብዳቤዎች ተልከው ነበር። ለአረጋውያን በሚሠራ ድርጅትና በአንድ የሴቶች ማኅበር ስምም እንዲሁ። ለፔሪዬሎና ለሁለት የፔንሲልቬንያ እንደራሴዎች የተላኩት ሐሰተኛ ደብዳቤዎች ከ12 አያንሱም። የላካቸው ቦነር ኤንድ አሶሺዬትስ የተባለ የዋሽንግተን ድርጅት ነበር፤ ሲጋለጥ ጥፋቱ የአንድ ጊዜያዊ ሠራተኛ ነው አለ። ቦነርን የቀጠረው ማን መሰላችሁ? ከ8 ዓመት በኋላ በኒው ኦርሊንስ ያገኘነው ያው ሆውቶርን ግሩፕ ነው፤ ዋና ቢሮውም እዚሁ እኔ በምኖርባት አሌክሳንድሪያ ነው። እኔ ይህን ሳነብ ለረጅም ጊዜ ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም።

የከሰሉ ኅብረት ደብዳቤዎቹ ሐሰተኛ መሆናቸውን ከድምፅ አሰጣጡ በፊት አውቆ ነበር። እንደራሴዎቹ ግን ያወቁት ድምፅ ከሰጡ በኋላ ነው። ሕጉ በጁን 26 ቀን በ219 ድጋፍና በ212 ተቃውሞ አለፈ። ፔሪዬሎ ደገፉት፤ ሁለቱ የፔንሲልቬንያ እንደራሴዎች ተቃወሙት። የተቃወሙት በደብዳቤዎቹ ምክንያት ነው አልልም፤ የሰው ልብ አላይም። ነገር ግን በ7 ድምፅ ልዩነት በሚወሰን ጉዳይ አንድ የሐሰት ደብዳቤ ምን ያህል ክብደት ሊኖረው እንደሚችል ለመረዳት ልብ ማየት አያስፈልግም። ሕጉ በኋላ ሴኔት ውስጥ ለድምፅ ሳይቀርብ ቀረ። በኦክቶበር 2009 ኤድዋርድ ማርኪ የመሩት ኮሚቴ ድርጅቶቹን ጠርቶ በይፋ ጠየቃቸው።

ወገኖቼ፣ የተመረጡትን ማኅበራት ልብ በሉ። የስደተኞች፣ የጥቁሮች፣ የአረጋውያን፣ የሴቶች። የከሰል ኩባንያ በራሱ ስም ሒሳባቸው አሳዝኖኝ ነው ቢል እንደራሴው ፈገግ ብሎ ያልፈዋል። ድሃውና ስደተኛው ሲል ግን ቆሞ ይሰማል። እኛ በዚህ አገር ያለን ትልቁ ሀብት እርሱ ነው፤ ስንናገር የእውነት ይመስላል፣ ምክንያቱም እውነት ነው። ሊሰርቁን የሚፈልጉትም ያንኑ ነው።

ይህ አዲስ ነገር አይደለም። በ1991 የከሰልና የመብራት ኩባንያ ማኅበራት የምድር መሞቅ ገና ያልተረጋገጠ ግምት ነው የሚል ዘመቻ በ3 ከተሞች ሲሞክሩ፣ እቅዳቸው የሚያነጣጥርባቸውን ሰዎች ለይቶ ጽፎ ነበር፦ ብዙ ያልተማሩ በዕድሜ የገፉ ወንዶችና ገቢያቸው ዝቅተኛ የሆነ ወጣት ሴቶች። በ2014 ደግሞ በአሜሪካ ምዕራባዊ ግዛቶች ያሉ የነዳጅ ኩባንያዎች ማኅበር ያዘጋጀው ሰነድ አፈትልኮ ወጣ። በካሊፎርኒያ፣ በኦሪገንና በዋሽንግተን ግዛት ተራ ሰው ያቋቋማቸው የሚመስሉ 16 ዘመቻዎችና ኅብረቶች ተዘርዝረውበታል። አንደኛው የካሊፎርኒያ አሽከርካሪዎች ኅብረት ይባላል። ታክሲ እየነዳ ልጆቹን ያስተማረ ወገን ስንት እንዳለን አስቡና፣ ይህ ስም ተይዞ ኤርፖርት ወረፋ ላይ ቢመጣባቸው ስንቱ እንደሚፈርም ገምቱ።

የዚህ አገር ሰዎች ለዚህ ተግባር ከሣር የተወሰደ ስም አላቸው። ከሕዝብ የበቀለ እንቅስቃሴን የሣር ሥር ይሉታል። በ1985 የቴክሳሱ ሴናተር ሎይድ ቤንትሰን የመድን ኩባንያዎችን ጥቅም የሚያራምዱ ደብዳቤዎች ቢሯቸውን ሲያጥለቀልቁት፣ የቴክሳስ ሰው የሣርን ሥርና አስትሮተርፍን ለይቶ ያውቃል አሉ። አስትሮተርፍ በሂውስተን አስትሮዶም ስታዲየም በ1966 የተነጠፈው ሰው ሠራሽ ሣር ነው። እኛም ዘመዱን እናውቀዋለን። ቄጠማ ስናጣ ከረከቦቱ ሥር የምናነጥፈው የፕላስቲክ ሣር አለ። ባለቤቲቱ ዛሬ ጠዋት ከወንዝ ዳር ያስጨድኩት ነው አትልም፤ እንግዳውም አይጠብቅባትም። ፕላስቲክ መሆኑ ማንንም አይጎዳም። ጉዳቱ የሚጀምረው ከመስክ ነው ተብሎ ሲሸጥ ነው።

ይህን አሁን የምላችሁ ያለ ምክንያት አይደለም። ሰሜን ቨርጂኒያ በዓለም የዳታ ማዕከላት እጅግ የበዙበት አካባቢ ሆኗል። ማዕከላቱ መብራት ይፈልጋሉ፤ መብራቱ ማመንጫና መስመር ይፈልጋል፤ መስመሩ በሰው ጓሮ ያልፋል። በዲሴምበር 2023 በፕሪንስ ዊልያም ካውንቲ ስለ አንድ ግዙፍ የዳታ ማዕከላት ግንባታ የተጠራው የሕዝብ ስብሰባ ከ24 ሰዓት በላይ ፈጅቷል። ሰው ሌሊቱን ሙሉ ተራውን ጠብቆ ተናገረ። በዚያ ስብሰባ የተከራየ ሰው ነበረ እያልኩ አይደለም፤ እንደዚያ የሚያስብለኝ ነገር አላየሁም። የምለው ሌላ ነው፦ ወገናችን በብዛት በሚኖርባቸው ካውንቲዎች ስለ አየራችን፣ ስለ ውኃችንና ስለ ሒሳባችን የሚወሰንበት ዘመን ላይ ነን፤ የእኛን ስም የሚፈልግ ይመጣል። በሁለቱም ወገን ይመጣል።

በሁለቱም ወገን ያልኩት አውቄ ነው። የአካባቢ ጥበቃ ድርጅቶችም ቲሸርት ያድላሉ፣ አውቶቡስ ይከራያሉ፣ ምሳ ያበላሉ፣ ደመወዝተኛ ቀስቃሽ አላቸው። በዚህ አልወቅሳቸውም፤ ኩባንያዎችንም አልወቅስም። ሥራው የሚቀርበት የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ልጆቼ ምን ይበላሉ ብሎ ቢጮህ ጩኸቱ የእውነት ነው፤ አውቶቡሱን ማንም ይክፈል፣ መስማት ግዴታችን ነው። የመብራት ሒሳብ የሚያስጨንቃት ጡረተኛም እንዲሁ። እኔ መስመሩን የማሰምረው እዚህ ላይ ነው፦ የሚከፍለው ሰው ስሙን ከደበቀ፣ ወይም የሚናገረው ሰው ያልሆነውን ሆኖ ከቀረበ፣ የሚለው ነገር ልክ ቢሆን እንኳ ማታለል ነው። በምደግፈው ወገን ሲሆን ደግሞ የበለጠ ያመኛል፣ እውነተኛውን ጩኸት ያረክሰዋልና። በኒው ኦርሊንስ ማመንጫውን ከልባቸው የደገፉ ነዋሪዎች አልጠፉም ይሆናል። ከዚያ በኋላ ግን ማን ያምናቸዋል?

በዕድሜ የገፋችሁ ይህንን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። በደርግ ጊዜ ቀበሌ ስም እየጠራ ሰልፍ ያወጣ ነበር። አደባባዩ ይሞላል፣ ሬዲዮው ሕዝቡ በአንድ ድምፅ ደገፈ ይላል። ያ ሕዝብ እኛ ነበርን፤ ምን እንደምናስብ የጠየቀን አልነበረም። በዚህ አገር ማንም አያስገድደንም። ስለዚህም ነው እዚህ ስማችንን ሳናውቅ መስጠታችን የባሰ የሚቆጨኝ።

ካልተሳሳትኩ የብዙዎቻችን ማኅበራት አሠራር ይህን ይመስላል። ማኅተሙ በሊቀ መንበሩ ወይም በጸሐፊው ቦርሳ ውስጥ ነው። አንድ ጨዋ ሰው ደውሎ፣ ለበዓላችሁ ስፖንሰር እንሆናለን፣ አንዲት የድጋፍ ደብዳቤ ብቻ ይላል። ሰብሳቢው ሥራ ላይ ነው፤ ደብዳቤው ተረቅቆ ተልኮለታል፤ አርማውን ለጥፎ ይልከዋል። ክፋት የለበትም፤ ድካም ነው። ግን በማግስቱ ካውንቲው ጠረጴዛ ላይ 2,000 ኢትዮጵያውያን ደገፉ ተብሎ ይነበባል።

ስለዚህ የምለምናችሁ ይህን ነው። በማኅበሩ ስም ስለ ማንኛውም ሕግ፣ ግንባታ ወይም ደንብ የሚጻፍ ደብዳቤ አባላት ሳይወያዩበትና በቃለ ጉባኤ ሳይያዝ አይውጣ፤ ይህም በመተዳደሪያ ደንባችሁ ይግባ። ፊርማ ሊሰበስብ የሚመጣ ሰው ሁሉ፣ የምንወደው ጉዳይ ይዞ ቢመጣም፣ ማን እንደላከውና ወጪውን ማን እንደሚሸፍን በጽሑፍ ይስጥ። ካልሰጠ ቡናውን ጠጥቶ በሰላም ይሂድ። የሚፈረመው ወረቀት ከፊርማው በፊት በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛ፣ እናቶቻችን በሚሰሙት ቋንቋ ሁሉ፣ ከላይ እስከ ታች ይነበብ። ልጁ አሳጥሮ የሚነግረን አይበቃም፤ እኔ አሳጥሬ ነግሬያቸው ነው ለዚህ የበቃሁት። ሕግ የተማሩ ልጆች በየአጥቢያችን አሉን፤ በወር አንድ እሑድ ቢጠየቁ እምቢ የሚሉ አይመስለኝም።

ከዚህም ሌላ፣ በስማችሁ እስከ ዛሬ ምን እንደተጻፈ ጠይቁ። ለካውንቲና ለከተማ ምክር ቤት የሚደርስ ደብዳቤ በአብዛኛው የሕዝብ ሰነድ ነው፤ ጠይቆ ማየት ይቻላል። ምንም ካልተገኘ እሰየው።

እኔ ባለፈው ወር እኚያን እናት ቤታቸው ሄጄ ያደረግኩትን ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ትንሽ ዝም ብለው፣ "ታዲያ ስሜን ማስመለስ አይቻልም?" አሉ። ወረቀቱ የደረሰበትን ቢሮ አጣራሁ። ከፈረምነው 17 ሰዎች 11ዱ ፊርማችንን የምናነሣበትን ደብዳቤ ጻፍን። እርሳቸው በእኛ ደብዳቤ ላይ መፈረም አልፈለጉም። ልጅ ልጃቸው ሌሊት እንዴት እንደሚተነፍስ፣ የመብራት ሒሳባቸው በጃንዋሪ ስንት እንደመጣ፣ ሁለቱም እንደሚያስጨንቃቸው በራሳቸው አንደበት ነገሩኝ፤ እኔ በአማርኛ ጻፍኩት፣ መልሼ አነበብኩላቸው፣ ሁለት ቦታ አሳረሙኝ። ከዚያ ፈረሙ። እንግሊዝኛው ትርጉም ከኋላ ተያይዞ፣ የአማርኛው ከፊት ሆኖ ተልኳል።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣

የአሌክሳንድሪያ ነዋሪ የሆነ ወንድማችሁ